የሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ትውውቅ

በ2068 ዓ.ም. መራዊ ላይ አዲስ ሞተር የገዛን ሰው ማንም «እንዴት አደርክ?» አይለውም። «ስንት ደረሰልህ?» ነው የሚባለው። ሰውየው «ሺህ ሁለት መቶ» ወይም «ሁለት ሺህ ልደፍን ነው» ይላል፤ ጠያቂውም «እግዜር ያስጨርስህ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሞተሩ ላይ ምንም መቀየር፣ ምንም መጨመር፣ ምንም መለጠፍ አይቻልም። መስታወት ማስተካከል እንኳ አይቻልም፤ መስታወቱ ራሱ ይስተካከላል።

ደንቡ አጭር ነው። አዲስ ሞተር ባለቤቱን እስኪያውቅ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። አቀማመጡን ያጠናል፤ የት ላይ እንደሚፈራ፣ የት ላይ እንደሚዳፈር ይይዛል። በየቀኑ መሪውን በጥፍር ውፍረት ወደ እጁ ያቀርባል፣ ወንበሩን ወደ ወገቡ ያለምዳል። በዚህ መሀል ባለቤቱ የራሱን ነገር ከጨመረበት፣ ወይም ሌላ ሰው ካፈናጠጠበት፣ ሞተሩ ይደናገርና ይቆለፋል። «ይቆለፋል» የሚለው የመመሪያው መጽሐፍ ነው። የመራዊ ሰው «አኮረፈ» ነው የሚለው። ያኮረፈ ሞተር መብራቱን አጥፍቶ፣ መሪውን ወደ ጎን ሰብሮ ይቆማል። ለእርቅ ተጭኖ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ እርቁም ሦስት ወር ይፈጃል።

ምንትዋብን ይገርማት የነበረው ደንቡ አልነበረም። ከደንቡ በኋላ የሚሆነው ነገር ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሳሮን ሞተር የገዙ ዕለት «ሦስት ሺህ ይሙላ እንጂ ቀይ አስቀባዋለሁ፣ ከፊቱ ትልቅ ቅርጫት፣ ከኋላው ጃንጥላ አስገጥማለሁ» ብለው ለመንደሩ ሁሉ አውጀው ነበር። ሦስት ሺህ ሞላ፣ ለማስቀየር ባሕር ዳር ሄዱ፣ በዚያው ግራጫ ሞተር ተመለሱ። ቅርጫት የለ፣ ጃንጥላ የለ። ምንትዋብ አጥር ላይ ተደግፋ «እትዬ፣ ቀዩስ?» ስትላቸው ትንሽ አሰቡና «ምን ፈልጌ እንደነበር ጠፋኝ» አሏት። ያዘኑም አይመስሉም። በመንገዱ ላይ ቆመው ቢያዩ የሚያልፈው ሞተር ሁሉ ግራጫ ነው፤ የሁሉም ባለቤት ደግሞ ደስተኛ ነው።

ምንትዋብ ናሆም ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በቆጋ መስኖ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎችን የውሃ ፓምፕ እየዞረች ትጠግናለች። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ካልገባት ምግብ የማይበላላት ሰው ናት። ስሟ የጥንት ቢመስልም የዘመኑ ነው፤ እሷ በተወለደችበት ሰሞን ወላጆች የአያት ቅድመ አያት ስም እየፈለጉ ማውጣት ጀምረው ነበር። የሽማግሌ ስም የያዙት አባቷ ናቸው። ናሆም ይባላሉ። በዚህ ዘመን ናሆም፣ ናታን፣ ያፌት የሚባል ሰው ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል።

አቶ ናሆም በወጣትነታቸው ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ነጂ ነበሩ። ቤንዚን የሚጠጣ ነገር ከመንገድ ከታገደ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ባጃጇ ግቢው ውስጥ ከጌሾው አጠገብ እንደቆመች ነበረች። ስለ አዲሱ ደንብ በተነሳ ቁጥር ይናደዳሉ፤ ንዴታቸው ግን የሚያስቅ ዓይነት ነው።

«እኔ ይቺን ስገዛ» ይላሉ፣ «ቁልፉ እጄ ከገባ እስከ ቤቴ ድረስ ሦስት ቦታ ቆሜያለሁ። አንዱ ጋ ጥሩምባ አስገባሁ፣ አንዱ ጋ ምንጣፍ አስነጠፍኩ፣ አንዱ ጋ ከኋላዋ ‹ቀናተኛ ይቅደም› ብዬ አስጻፍኩ። እናትሽ በር ላይ ስታየኝ አላወቀችኝም። የራስን ዕቃ ለማስጌጥ ቀን ይጠበቃል እንዴ? አንቺ ግን ይኸው ዘጠኝ ወር፣ አንድ ብሎን ሳትነኪ! ሞተር ነው የገዛሽው ወይስ የሰው አደራ?»

እኚሁ ሰው ግን መስከረም ላይ ሞተሩ ከነካርቶኑ ሲመጣና ምንትዋብ የወንበሩን ላስቲክ መላጥ ስትጀምር «ተይ!» ብለው ጮኸው ነበር። «ምን አደረገሽ? ይቆሽሻል!» እሷም እጇን ሰበሰበች። በዚያ ቤት ላስቲክ እንዲህ በቀላሉ አይነሳም። የሳሎኑ ሶፋ ላስቲክ የተነሳው ምንትዋብ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ ነው፤ ያውም ተቀዶ። የግድግዳው ስክሪን ጠርዙ ላይ ያለው ስስ ላስቲክ እስከ ዛሬ አለ፤ ጫፉ ተገልብጦ አቧራ ይዟል እንጂ። ሞተሩም ላስቲኩን እንደለበሰ ሥራ ጀመረ። ዝናብ ሲመታው ጠረግ ማድረግ ብቻ ነበር፤ ምንትዋብም አባቷ ልክ እንደነበሩ በልቧ አመነች።

ሞተሩ ደግሞ ጨዋ ነበር። በየጠዋቱ ስትቀመጥበት «እንደምን አደሩ፣ እንግዳችን» ይላታል። የሌሎች ሰዎች ሞተር በስማቸው እንደሚጠራቸው ሰምታለች። የእሷ ግን በአክብሮት ሲይዛት ደስ ይላት ስለነበር ለምን እንደሚለይ አልጠየቀችም። ሁሉን ጠያቂዋ ምንትዋብ ይቺን አንዲት ነገር ሳትጠይቅ አለፈች።

ሦስት ሺውን አጥብቃ የፈለገችው ለቀለም ወይም ለጥሩምባ አልነበረም። የአቶ ናሆም ኩላሊት ከደከመ አራት ዓመት ሆኖታል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለእጥበት ባሕር ዳር ይሄዳሉ። የሚወስዳቸው ነጂ የሌለው የበሽተኞች መኪና ነው፤ ጠዋት በየበሩ እየቆመ ይሰበስባቸዋል፣ ከሰዓት መልሶ ያደርሳቸዋል። ሚያዝያ ላይ መልእክት መጣ። መስመሩ ቢያንስ አምስት ተጠቃሚ ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች ሞተው አራት ብቻ ስለቀሩ ከሰኔ ሠላሳ በኋላ ይቋረጣል። የቀሩት በማዕከሉ ማደሪያ ይስተናገዳሉ፤ እዚያው ይኖራሉ ማለት ነው።

አባትና ልጅ ማደሪያውን ሄደው አዩት። ክፉ ቦታ አይደለም። አልጋው ሰፊ ነው፣ ወለሉ ያበራል፣ መስኮቱ የፈለጉትን ያሳያል። አንድ ሽማግሌ መስኮታቸው የዳንግላን ገበያ እንዲያሳያቸው አዘው ከጠዋት እስከ ማታ ይመለከቱ ነበር። ያው የአንድ ቀን ገበያ ነው። አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ሽንኩርት ትገዛለች፣ ትሄዳለች፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግማ መጥታ ያንኑ ሽንኩርት ትገዛለች። ሽማግሌው «አሁን ትመጣለች፣ ጠብቁ» አሏቸው።

አቶ ናሆም «ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው» ብለው ወጡ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ቃል አልተነፈሱም። ምንትዋብ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የመፍቻ ድምፅ ሰምታ ስትወጣ አባቷ ባጃጇን እየፈቱ ነበር። ለአንድ ሰው የምትበቃ የጎን ጋሪ ሊሠሩ ነው፤ ሞተሩ ጎን ላይ የምትታሰር፣ አንድ ጎማ ያላት፣ የባጃጇን የኋላ መቀመጫ የያዘች። መርፌ የሚገባበት ግራ እጃቸው ከባድ እንዳያነሳ ስለተከለከሉ በአንድ እጅ ነበር የሚሠሩት። ወር ተኩል ፈጀባቸው። ጋሪዋ አለቀች፤ የቀረው የሦስት ሺው መሙላትና ለውጥ የሚፈቅደው የትውውቅ ቢሮ ፈቃድ ብቻ ነበር። ምንትዋብ ኪሎ ሜትሩን ለመሙላት ሥራ በሌለባት ሰዓት እንኳ ዳንግላ መንገድ ድረስ በባዶ ሄዳ ትመለስ ጀመር።

ሰኔ አሥራ ሰባት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ቆጣሪው ሦስት ሺህ ከሠላሳ ላይ ሳለ ባሕር ዳር መግቢያ ላይ ካለው የትውውቅ ቢሮ ደረሰች። የመስመሩ መኪና ሊቋረጥ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ባለሙያው ይድነቃቸው ይባላል፤ አርባ አምስት ዓመት ግድም የሆነው፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። እዚያ ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ቅጹን ከፊቱ ዘርግቶ «ምን እንዲቀየርልሽ ነው?» አላት። ብዕሩን ግን አላነሳም።

«የጎን ጋሪ ላስገጥም ነው። ቀጥሎ የግራው እግር ማሳረፊያ በሁለት ጣት ይውረድልኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል። ከኋላ የመፍቻ ሣጥን እፈልጋለሁ። ቀለሙንም አልወደድኩትም።»

ይድነቃቸው ቀና አለ። «ምን ቀለም ይሁንልሽ?»

«የድሮ ባጃጅ ሰማያዊ።»

ብዕር ፍለጋ ኪሱን ዳሰሰ፤ አጣ፤ ከመሳቢያ አወጣ። መሳቢያው ባዶ በሆኑ ቅጾች የተሞላ ነበር። ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ፊርማ አለ፤ «የሚፈለግ ለውጥ» የሚለው ሣጥን ግን ባዶ ነው።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው፣ ጋሼ?» አለች ምንትዋብ፤ ዓይኗ የማያርፍ ነው።

«ሰዎች መጥተው ምንም አልፈልግም ብለው የሄዱበት ነው። መጀመሪያ እኔም ይገርመኝ ነበር። ሞተሩ ወደ ሰውየው ይመጣል ነው የሚባለው አይደል? እኔ እንዳየሁት መሀል መንገድ ላይ ነው የሚገናኙት። አንዳንዴማ ብዙውን መንገድ የሚሄደው ሰውየው ነው።» ይህን ሲናገር ድምፁን አልለወጠም። «አንቺ ግን አራት ነገር ፈለግሽ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አራት የፈለገ ሰው አልመጣልኝም። እስቲ ሞተርሽን ልየው።»

ማንበቢያውን ሰካ። ስክሪኑን አየ። ነቀለና ደግሞ ሰካ።

«ዜሮ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ትውውቁ። መንገድ ሄዷል፤ ሦስት ሺህ ሠላሳ። ማን እንደነዳው ግን አያውቅም።»

ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ዞረው። መዳፉን ወንበሩ ላይ ሲያሳርፍ ኮሽ አለ። ይድነቃቸው እጁን አንስቶ ደግሞ አሳረፈ፤ ደግሞ ኮሽ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ላስቲክ ነው።»

«ላስቲክ መሆኑንማ አየሁት። ለምን አለ?»

«አዲስ ነዋ!» አለች ምንትዋብ፣ ጥያቄው ራሱ እየገረማት።

ይድነቃቸው አፉን በእጁ ሸፈነ። «እህቴ፣ የሚያውቅሽ እኮ ወንበሩ ነው። ወንበሩ ሰው ካላነበበ ሌላው አካሉ አይነቃም። ዘጠኝ ወር ሙሉ የተዋወቀው ከላስቲኩ ጋር ነው።»

«ጠዋት ጠዋት ሰላም ይለኝ ነበር እኮ!»

«ምን ብሎ?»

«‹እንደምን አደሩ፣ እንግዳችን›።»

ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ። ምንትዋብ ሳቋን ሳትጨርስ እንባዋ መጣ። ሰኔ ሠላሳ ታያት፣ ያ የሚያበራ ወለል ታያት፣ አባቷ ከመስኮቱ ፊት ተቀምጠው አንዲት ሴት ሽንኩርት እስክትገዛ ሲጠብቁ ታዩአት። ላስቲኩን እንዳትልጥ የከለከሏት እሳቸው መሆናቸው ደግሞ የባሰ ነበር። ቤት ገብታ ይህን እንዴት ትነግራቸዋለች?

ይድነቃቸው በርጩማ አቀረበላትና ውሃ ሰጣት። «አሁን ላስቲኩን ላንሳልሽና ከዛሬ ትጀምሪያለሽ። ሌላ ዘጠኝ ወር ነው።»

«ዘጠኝ ወር የለኝም» ብላ የአባቷን ነገር፣ የመስመሩን ነገር፣ የጋሪዋን ነገር ነገረችው። «እንዲሁ በላስቲኩ እየነዳሁ ብቀጥልስ?»

«አይሆንም። የእንግድነቱ ጊዜ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ላይ ያበቃል። ቤትሽ ያደርስሻል፤ ከዚያ ጥቂት ይተርፍሻል። ሲያበቃ ማንን እንደያዘ ሳያውቅ አይንቀሳቀስም።»

ምንትዋብ ፊቷን ጠረገችና ሞተሩን ትክ ብላ ማየት ጀመረች። ሐዘኗ አልለቀቃትም፤ ጥያቄ ግን መጥቶባት ነበር፤ ጥያቄ ሲመጣባት ደግሞ ሌላው ሁሉ ትንሽ ገለል ይልላታል።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው ዕቃ ሲጨመርበት የሚያኮርፈው?»

«ከሚያውቀው ስለሚለይበት።»

«ምንም የማያውቅ ከሆነስ ከምን ይለይበታል?»

ይድነቃቸው ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጋሪዋን ዛሬ ባስገጥም ያኮርፋል?» አለች ደግማ።

«አያኮርፍም» አለ ቀስ ብሎ። «ደንቡም የሚለው ‹በትውውቅ ላይ እያለ መቀየር ክልክል ነው› ነው። እናንተ ትውውቅ አልጀመራችሁም። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ስላልመጣ ማንም አላሰበውም።» ትንሽ አሰበና ቀጠለ። «ግን የሚከተለውን ልንገርሽ፤ ደብቄሽ ኋላ እንዳትወቅሺኝ። ላስቲኩ በተነሳበት ሰዓት ሞተሩ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ነጂ ነው። አባትሽ ጋሪው ላይ ካሉ አንቺና እሳቸው ለእሱ አንድ ሰው ናችሁ። አንዳችሁ የጎደላችሁ ዕለት አይሄድም። ለአንዲት ፓምፕ እንኳ ብቻሽን አትወጪበትም።»

«ሦስት ሺህ እስኪሞላ?»

«ሁልጊዜ። ሦስት ሺህ ሲሞላ ብረቱን መቀየር ይቻላል፤ ነጂውን አይቻልም። እስከ ዛሬ እንዳንቺ ማንነቱን የማያውቀውን እንግዳ የሚሸከመው ባለቤቱን እስኪያውቅ ድረስ ብቻ ነው።»

«አባዬ ይከሳል። በየወሩ ነው ኪሎው የሚቀንሰው።»

«ቀስ እያለ የሚቀንሰውን ይከተላል። ድንገት የሚጎድለውን ነው የማይቀበለው።»

«ሲጎድልስ እርቅ የለውም?»

«ለሌለ ሰው እርቅ የለውም» አለ ይድነቃቸው። ቅጹን ሳይሞላ መልሶ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠው፤ ብዕሩን ግን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ።

ምንትዋብ ወደ መራዊ ስትመለስ መንገዱን በሙሉ አሰበችበት። ሞተሩ እንጀራዋ ነው። አባቷ አንድ ቀን እንደሚሞቱ ታውቃለች፤ ሐኪሞቹም አልደበቋትም። ያን ዕለት ሞተሩም አብሮ ይቀራል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የእሳቸው አቅም ያነሰ ቀን ሥራ የለም ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያ መስኮት አለ። ሁለቱን ስታመዛዝን ቆይታ መራዊ መግቢያ ላይ ስትደርስ እያመዛዘነች እንዳልሆነ ገባት። የወሰነችው ገና በርጩማው ላይ ሳለች ነበር።

ለአባቷ ግማሹን ብቻ ነገረቻቸው። የላስቲኩን ነገር ሲሰሙ አቶ ናሆም የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው።

«እኔ ነኝ! ተይ ያልኩሽ እኔ ነኝ! አይ ሞኝነት! ሽማግሌ ሆኜ ለላስቲክ ስሟገት…»

«ደግ አደረግክ፣ አባዬ። አንስቼው ቢሆን ኖሮ አሁን ጋሪዋን መግጠም አንችልም ነበር። ዛሬ እኔም እንደ ወይዘሮ ሳሮን ምን ፈልጌ እንደነበር ጠፍቶኝ ነበር የምመለሰው።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ሦስት ሺህ እስኪሞላ ድረስ በሄድኩበት ሁሉ አብረኸኝ መሄድ አለብህ። ፓምፕ ስጠግንም።»

አቶ ናሆም ሊቃወሙ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ደስታው ቀደማቸው። «ፓምፕ ጋ? እኔ? ምን ልሠራ?»

«መፍቻ ታቀብለኛለህ።»

«በአንድ እጄ?»

«በሁለት እጅ መፍቻ የሚያቀብል ሰው አለ እንዴ?»

ዓርብ ጋሪዋን ገጠሙ። ሞተሩ ጭጭ አለ፤ አላኮረፈም። ቅዳሜ የመስመሩ መኪና በሩ ላይ መጥቶ ሲቆም ምንትዋብ «ዛሬ አይሄድም» ብላ መለሰችው፤ መኪናውም «ተሰርዟል» ብሎ ሄደ። አቶ ናሆም ካፖርታቸውን ለብሰው ጋሪዋ ውስጥ ተመቻቹ። እሷ ወንበሩ ላይ እያለች ላስቲኩን ከሥሯ መጎተት አስቸጋሪ ነበር። አባትየው በቀኝ እጃቸው ከኋላ ሳቡ፣ ልጅቷ ከፊት ብድግ እያለች ሳበች። ዘጠኝ ወር ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ላስቲክ ሳይወድ በግዱ ተላጠ።

ሞተሩ መብራቱን አበራ። ከዚያ ምንትዋብ ሰምታው በማታውቀው፣ አሁን ገና በነቃ ሰው ድምፅ ተናገረ።

«የነጂው ስም?»

አባትና ልጅ ተያዩ። «ያንቺን በይው» አሉ አቶ ናሆም በሹክሹክታ።

«ምንትዋብ ናሆም» አለች።

«ምንትዋብ ናሆም። አንድ ሰው። ክብደት መቶ ሃያ ስድስት ኪሎ። እንተዋወቅ።»

አቶ ናሆም ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። «መቶ ሃያ ስድስት! ኧረ ልጄ፣ ወፍረሻል! ሰው ምን ይለናል?» አሉ። እየሳቁ ከግቢው ወጡ፤ ወይዘሮ ሳሮን ከአጥራቸው ጀርባ ቆመው ያቺን ሰማያዊ ጋሪ እስክትጠፋ በዓይናቸው ሸኟት።

ባሕር ዳር ድረስ አቶ ናሆም አፋቸው አልተዘጋም። የድሮ ፌርማታዎችን ይቆጥራሉ፣ የጠፉ ሻይ ቤቶችን በስም ይጠራሉ፣ አንድ ጠመዝማዛ ላይ «አጥብቀሽ ያዢው፣ አትፍሪ!» ይላሉ። እጥበቱ አራት ሰዓት ፈጀ። ምንትዋብ ግቢው ውስጥ ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀች። ለሙከራ ያህል ወንበሩ ላይ ብቻዋን ቁጭ አለችና ቁልፉን ነካችው። መብራቱ ጠፋ፣ መሪው ወደ ጎን ተሰበረ። ይድነቃቸው እንዳላት ነው። ባዕድ ነገር ስላልተጨመረበት ግን ኩርፊያው የአፍታ ነበር፤ ስትወርድለት መልሶ ቀና አለ።

አባቷ ሲወጡ እንደ ሁልጊዜው ደክመው፣ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። ደግፋ አስቀመጠቻቸው፤ ሞተሩ «ምንትዋብ ናሆም፣ እንሂድ» አለ። ከከተማው ወጥተው ሜዳው ላይ ደረሱ። ሰማዩ ለዝናብ እየተሰናዳ ነበር።

«ምንቴ» አሉ አቶ ናሆም፣ ፊት ለፊታቸውን እያዩ።

«አቤት።»

«ነርሷ መስኮቱን ስትከፍትልኝ እዚያ ታች ብቻሽን ስትቀመጪበት አየሁሽ። ሲያኮርፍብሽም አይቻለሁ።»

ምንትዋብ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም።

«ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ፤ ሞተር ሲዋሽም ሰው ሲዋሽም ይገባኛል። ሦስት ሺህ ሲሞላ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ አይደል?»

«አይደለም።»

«እኔ የሌለሁ ቀን ይሄ ነገር ምን ይሆናል?»

«ይቆማል።»

«አንቺስ?»

«በእግሬ እሄዳለሁ» አለች።

ሽማግሌው ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ፣ ፈቱት፣ ደግመው ቆለፉት። የመራዊ ቤቶች ከሩቅ ብቅ ሲሉ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

«እንግዲያው ቀስ በዪ» አሏት። «ምን ያስቸኩልሻል?»

ቀስ አለች። ከኋላቸው የመጡት ግራጫ ሞተሮች አንድ በአንድ ቀደሟቸው። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ይህን አጠና፤ ከዚያም መራዊ ሲቃረቡ ቀስ ማለት የዚህች ነጂ ፀባይ ነው ብሎ መዘገበው።